«አያቴ ኦብሶሊት ናቸው»፦ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ጥናታችን ታሪክ

የዛሬው ጽሁፍ ረዘም ይላል። ቡና ከተፈላ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ አድቫንስድ የሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ካለህ ላክልኝ። ማትሪክ እየደረሰ ነው። 1000 ቃል ከሸመደድኩ እንግሊዝኛ አያቅተኝም።»

ዝርዝሩ አለኝ። አንድ ሙሉ ደብተር ነው። ግን አልላክሁለትም። ለምን እንዳልላክሁ በሁለት መስመር ልመልስለት ሞከርኩና አልቻልኩም። ይህ ጽሁፍ መልሱ ነው። ለእሱ ብቻ ሳይሆን ያንን ደብተር ላስጠናኋችሁ ሁሉ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። እኔም የዝርዝር ልጅ ነኝ። ሆሳዕና ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ደብተር ነበረኝ። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። በቀን 20 ቃል። ጓደኞቼ «ዲክሽነሪው» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ደረቴን እነፋ ነበር። አንድ ቀን መናኸሪያ አካባቢ አንድ ፈረንጅ አስቆመኝና የዱራሜ መኪና ከየት እንደሚነሳ ጠየቀኝ። ጥያቄው ገብቶኛል። «ዩቢኪዩተስ» ማለት በሁሉም ቦታ የሚገኝ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «ወደዚያ ሂድና በስተግራ ታጠፍ» የምትል ቀላል ዓረፍተ ነገር ግን ከአፌ አልወጣ አለች። በእጄ ጠቆምኩት። ከጎኔ የነበረው ሊስትሮ ልጅ «ካም፣ ካም፣ አይ ሾው ዩ» ብሎ ይዞት ሄደ። ሰዋስው የለውም፣ ግን ሰውየው መኪናው ጋ ደረሰ።

ከዚህ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም። መምህር ስሆን ያንኑ ደብተር ይዤ ክፍል ገባሁ። በሳምንት 20 ቃል፣ የአማርኛ ትርጉሙ፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ የ10ኛ ክፍል ልጅ ተነሳና የራሱን ዓረፍተ ነገር አነበበ።

«ማይ ግራንድፋዘር ኢዝ ኦብሶሊት።»

ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ትርጉም «ያረጀ፣ ጊዜው ያለፈበት» ይላል። የልጁ አያት አርጅተዋል። ስለዚህ አያቱ ኦብሶሊት ናቸው። የልጁ ስሌት ትክክል ነበር። ቃሉ ግን ለሰው አይነገርም፤ አዲስ ነገር መጥቶ ከአገልግሎት ላወጣው ዕቃ፣ መሣሪያ ወይም አሠራር ነው። እኔ ይህን በማስረዳት ፈንታ ሳቅሁ። ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ ነገሩ ሳይገባቸው እኔን አይተው ሳቁ። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ለብዙ ጊዜ ስህተቱ የልጁ ይመስለኝ ነበር። ታሪኩን ማንበብ ስጀምር ግን ነገሩ ከልጁም ከእኔም በፊት የተጀመረ መሆኑን አየሁ። እስቲ ከሥሩ እንየው።

ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር በአገራችን ትልቁ የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ዋናውን ቦታ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር። ባቡሩንም የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው። አዲስ አበባ «ለገሃር» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። «ቢሮ»ም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ከጣሊያንኛ ደግሞ መኪና፣ ጎማ፣ ካልሲ፣ ፎርኖ ወሰድን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህን ቃላት የሸመደደ ሰው የለም። ዕቃው መጣ፣ ቃሉም አብሮት መጣ፣ ሰውም ወዲያው በዓረፍተ ነገር ተናገረው። «ጎማው ተነፈሰ» ለማለት ማንም መዝገበ ቃላት አልገለጠም።

እንግሊዝኛ የነገሠው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው። ጣሊያን በኢትዮጵያ አርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተሸንፎ ሲወጣ የትምህርቱም ፊት ወደ እንግሊዝ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1943 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1946 ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። መሪው ዶክተር ሉሲየን ማት የካናዳ ጀስዊት ነበሩ። የሚገርመው ፈረንሳይኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው የመራው ኮሌጅ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር! የአገሪቱ በር በየትኛው ቁልፍ እንደሚከፈት ከዚያ ጀምሮ ተቆረጠ።

«ማትሪክ» የምንለውም ቃል የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። «ማትሪኩሌሽን» ከሚለው እንግሊዝኛ የተቆረጠ ሲሆን ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ መመዝገብ ማለት ነው። በየትኛውም የአድቫንስድ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ቢገባ የማያሳፍር ከባድ ቃል ነው። ነገር ግን ሆሳዕና ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት «ልጄ ዘንድሮ ማትሪክ ይወስዳል» ስትል ቃሏን አታስተካክሏትም። ማን አስተማራት? ማንም። ቃሉ ቤቷ ስለገባ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በዚያን ዘመን አካባቢያችን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ይባል ነበር። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች በወጣው ድንጋጌ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። በኋላም አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝኛ። እንግዲህ የሀዲያን ወይም የከምባታን ልጅ አስቡት። ቤት ሀዲይሳ ወይም ከምባትሳ ያወራል። ትምህርት ቤት ሲገባ አማርኛ ይጠብቀዋል። አማርኛው ሳይጠና እንግሊዝኛ ይመጣል። ለአዲስ አበባው ልጅ አንድ ወንዝ ነው፤ ለእኛ ልጅ ሁለት ወንዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገቡ። ሕዝቡ «ፒስኮር» ይላቸው ነበር። አብዛኞቹ ወጣት መምህራን ነበሩ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተበተኑ። የዚያ ዘመን ተማሪ የነበሩ አባቶች እንግሊዝኛ ሲናገሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቃላቸው ከባድ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገራቸው ግን አይሰበርም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ስለ መዝገበ ቃላት አይደለም። በየቀኑ የሚያናግራቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ደርግ መጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሀዲይሳና ከምባትሳም ከ15ቱ ውስጥ ነበሩ፤ በግዕዝ ፊደል ተጽፈው ነበር። ትልቅ ነገር ነው። መደበኛው ትምህርት ግን እንደነበረው በአማርኛ ተጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። ከዚያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣና ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ ፈቀደ። ሀዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ፊደል መማሪያ ሆኑ። እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ ከ9ኛ ጀምሮ የሁሉም ትምህርት ማስተማሪያ ሆነ። በእኛ በደቡብ እንዲያውም ሁለተኛ ደረጃ ሳይደርሱ ነበር ወደ እንግሊዝኛ የሚገባው።

የእኔ ትውልድ እዚህ ላይ ነው የተገኘው። በዚያ ላይ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ መጣ። ታስታውሳላችሁ አይደል? ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይሰራጫል። ፊዚክስ፣ ሂሳብ፣ ባዮሎጂ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። መምህራችን መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መሐሉ የቴሌቪዥኑ ነው። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ሰከንድ ቆጥሮ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል፣ እኛ ገና ጥያቄውን አልጨረስንም። ማንም ሳይመልስ 60 ተማሪ «ቬሪ ጉድ» ይባላል። መብራት ከሄደ ደግሞ ምዕራፉም አብሮ ሄደ።

በዚህ ሁኔታ ያለ ተማሪ ምን ያደርጋል? የሚያናግረው ሰው የለውም፣ መጽሐፉ ከአቅሙ በላይ ነው፣ ፈተናው ግን አይቀርም። ስለዚህ ቃል ይሸመድዳል። ዝርዝሩ ስንፍና አልነበረም፤ የተቸገረ ሰው መፍትሄ ነበር። ይህን ስረዳ በዚያ ልጅ መሳቄ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ስለ መዝገበ ቃላትም ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ትልልቅ ሥራዎች በአንድ ዓመት ወጡ። አንዱ አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ የስንቶቻችን ባለውለታ ነው። ሁለተኛው የፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ነው። ሌስላው ፖላንድ ተወልደው አሜሪካ ያስተማሩ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ናቸው። የእርሳቸው መዝገበ ቃላት ልዩነቱ ቃሉን ብቻውን አለመተርጎሙ ነው። እንግሊዝኛውን ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሙሉውን ወደ አማርኛ ይመልሳል።

ለምን እንዲህ ደከሙ? በራሴ ምሳሌ ላሳያችሁ። «ብሬክ» ማለት ምንድን ነው? ሁላችሁም «ሰበረ» ትሉኛላችሁ። ብርጭቆ ከሆነ አዎ፣ ሰበረ ነው። ቃል ኪዳን ከሆነ ግን አፈረሰ ነው። ጾም ከሆነ ገደፈ ነው። ሕግ ከሆነ ጣሰ ነው። አንድ እንግሊዝኛ፣ አራት አማርኛ። «ብሬክ = ሰበረ» ብሎ የሸመደደ ልጅ ከአራቱ ሦስቱን ይስታል፣ እርግጠኛ ሆኖ ይስታል። «ኦብሶሊት = ያረጀ» ያልኩትም ልክ እንደዚህ ነው። በዚያ ላይ የሀዲያ ልጅ መዝገበ ቃላቱን ሲገልጥ ግራውም ቀኙም የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። በአማርኛ ሰው «አረጀ» ይባላል፣ ጫማም «አረጀ» ይባላል። ልጁን ያሳተው የእኛው አማርኛ ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ የምናየውን የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የጀመረው አልበርት ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሥራውን የጀመረው እንግሊዝ አገር ተቀምጦ ሳይሆን ጃፓን መምህር ሳለ ነው። ተማሪዎቹ ትርጉም ሸምድደዋል፣ ዓረፍተ ነገር መሥራት ግን አልቻሉም። ስለዚህ ቃሉ ከምን ጋር እንደሚሄድ፣ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚገባ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ነው፣ ያውም በጦርነት መሐል። ኦክስፎርድ በስሙ ያወጣው በ1948 ነው።

ሌላው ማይክል ዌስት ነው። እሱ ደግሞ ቤንጋል፣ ዳካ ውስጥ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ የሚሰጣቸው ንባብ ብርቅ በሆኑ ቃላት ታጭቆ እየተደናቀፉ እንደሆነ አየ። በስሙ የሚታወቀው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1953 ወጣ፤ ወደ 2000 የሚሆኑ፣ ዘወትር የሚያገለግሉ ቃላት ናቸው። እነዚህን በደንብ የያዘ ሰው ከአንድ ተራ ጽሁፍ ውስጥ ከ100 ቃል ወደ 80 ያህሉን ያውቃል። እኔ ተማሪ ሳለሁ 2000ዎቹን ዘልዬ ነው ወደ «ዩቢኪዩተስ» የሮጥኩት። መሠረት ሳይቆም ቆርቆሮ እንደ መግዛት ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ለእናንተ አልነግራችሁም። ያልሄደበት ቤት ቢቆጠር ይቀላል። መንገዱም ስንቱን እንዳስቀረ ታውቃላችሁ። ያ ልጅም ሄደ። 12ኛን ሳይጨርስ። እኔ ስለሳቅሁበት ነው አልልም፣ ብዙ ምክንያት አለ። ግን እኔ ምክንያት አይደለሁም ለማለትም ድፍረቱ የለኝም።

ከዓመታት በኋላ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ታስታውሰኛለህ? የኦብሶሊቱ ልጅ ነኝ።» ሳቀ። እኔ ግን ጉሮሮዬ ደረቀ። ስፓዛ በሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነው የሚሠራው። የድሮ ስልክ ቻርጀር በካርቶን ገዝቶ አልሸጥ ሲለው ላከፋፋዩ ሊመልስ ይሄዳል። ሰውየው ካርቶኑን አየና «ዚስ ሞዴል ኢዝ ኦብሶሊት፣ ማይ ፍሬንድ» አለው። «ያኔ ነው የገባኝ ቲቸር። አንተም ያኔ እንዲህ ብለህ ብታስረዳኝ ኖሮ ገንዘቤን አልበላም ነበር» አለና ደግሞ ሳቀ። ከዚያ ስለ አያቱ ነገረኝ። እሱ እዚያ እያለ አርፈዋል። አልቀበራቸውም።

ምን ብዬ እንደመለስኩለት ልናገር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ዘግይቼ፣ ግን ጠየቅሁት።

ነገሩን አስቡት። የእኔ ትውልድ የፕላዝማ ትምህርት ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሆሳዕና ይመጣ ነበር፣ እንግሊዝኛውን ግን ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ አላገኘነውም። ልጁ ከሆሳዕና ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ባንኮኒ ጀርባ አገኘው። ዛሬ ከእኔ በተሻለ ይናገራል፣ ዙሉውንም ጨምሮ። ዝርዝር አላጠናም። በየቀኑ የሚናገረው ነገር ስለነበረው ነው።

ይህን ስል ትምህርት ትታችሁ ሂዱ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፣ በፍጹም! ተቃራኒውን ነው የምለው። ልጆቻችን ቋንቋ ለመልመድ ሞያሌን መሻገር የለባቸውም። ክፍላችን ውስጥ ሊያገኙት ይገባል።

ጉዳዩ የቀልድ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ግን የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም፣ የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ካልገባህ መልሱን ማወቅህ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ አንተ ዝርዝር የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ስማኝ። 1000 ቃል አልልክልህም። ይህን ግን አድርግ።

በቀን 5 ቃል ብቻ ውሰድ። ከዝርዝር ሳይሆን ከሚያስቸግርህ ከራስህ መማሪያ መጽሐፍ አውጣ። ቃሉን ያገኘህበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቅዳ። ከዚያ የራስህን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ፦ አንዱ ስለ ቤትህ፣ አንዱ ስለ ሰፈርህ ወይም ስለ ገበያ፣ አንዱ ስለ ትምህርትህ። ለምሳሌ «ሜቲኩለስ» ማለት ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ የሚጠነቀቅ ማለት ነው። «ማይ ማዘር ኢዝ ሜቲኩለስ ዌን ሺ ሜክስ አታካና» በል። እናትህ ለያሆዴ አታካና ስታዘጋጅ ቅቤው እንዳይበዛ፣ እንዳያንስ እንዴት እንደምትጠነቀቅ አይተሃል። ከእንግዲህ ያንን ቃል ብትረሳው እንኳ እናትህ ታስታውስሃለች። የከምባታ ልጅ ከሆንክ በመሳላ ሥራው።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለህ ለሰው አንብብ። ለጓደኛህ፣ ለእህትህ፣ ሰው ከጠፋም ለበጉ! ትርጉሙን ደግሞ በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳም ለራስህ ተናገረው። ቤት የምታስብበት ቋንቋ ውስጥ ያልገባ ቃል ፈተና ላይ አይገኝም።

ስህተት ትሠራለህ። ሥራ። ኦብሶሊት የሆነ አያት ቢገጥምህ አትደንግጥ። የሚስቅብህ መምህር ካለ ደግሞ ስህተቱ የእሱ ነው፣ ከራሴ አውቀዋለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል። ዲፕሎማ ይኑረን ማስተርስ፣ 60 ልጅ ክፍል ውስጥ እያለ ሁሉንም ማናገር እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ 5 ልጅ የራሱን ዓረፍተ ነገር ቢያነብ በ12 ክፍለ ጊዜ ሁሉም ይዳረሳል። እኔ ደብተሩን አስቀምጬ ይህን ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ተአምር አላየሁም። የሚወጣው እጅ ግን በዝቷል።

አያቶቻችን ኦብሶሊት አይደሉም። ኦብሶሊት የሆነው የእኔ ደብተር ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የቤት ሥራ አለባችሁ፦ «ኦብሶሊት»ን በትክክል ተጠቅማችሁ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ከታች ጻፉልኝ። ማንም አይስቅም። ደቡብ አፍሪካ ያለኸውም ልጅ፣ ካነበብከው አንተ መጀመሪያ ጻፍ።

ሰላም ሁኑልኝ።